ላፕቶፑ ከእንቅልፍ ሲነቃ ዋይፋዩ አይመለስም (ኡቡንቱ 24.04፣ ሪልቴክ ካርድ)

ሌሊት_ሠራተኛ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ይሄ ነገር ሰሞኑን ሥራ አላሠራ ብሎኛል። የላፕቶፑን ክዳን ዘግቼ እሄዳለሁ። ተመልሼ ስከፍተው ስክሪኑ ይበራል፣ የከፈትኳቸው ፋይሎች ሁሉ እንዳሉ ናቸው። ዋይፋዩ ግን የውሃ ሽታ ሆኗል። ጥግ ላይ ያለው ምልክት ራሱ አይታይም። ሪስታርት ሳደርገው ምንም እንዳልተፈጠረ ይሠራል።

ለአጭር ጊዜ ከተዘጋ አብዛኛውን ጊዜ ደህና ይነሳል። ለሰዓታት ከቆየ ግን አይቀርለትም። «ኔትወርክ ማኔጀርን ሪስታርት አድርግ» የሚል ምክር በየቦታው አየሁና ሞከርኩት፤ ለውጥ የለም። በየጊዜው ሪስታርት ማድረግ በጣም ሰልችቶኛል። የከፈትኩት ሥራ ሁሉ ይበተንብኛል። መላ ያለው ካለ እባካችሁ።

ጽጌ_ተርሚናል፦

ሰላም ወንድሜ። መጀመሪያ ችግሩ የት ላይ እንዳለ እንወቅ፣ መፍትሔው ከዚያ ይመጣል። በሚቀጥለው ጊዜ ሲያጋጥምህ ቶሎ ብለህ ሪስታርት አታድርግ። ሎጉ ከሪስታርት በኋላም ይገኛል፤ ካርዱ የነበረበት ሁኔታ ግን አብሮ ይጠፋል።

ምልክቱ እንዲጠፋ የሚያደርጉት ብልሽቶች የተለያዩ ናቸው። ካርዱ ራሱ ከማዘርቦርዱ ጋር ከሚያገናኘው የፒሲአይ መስመር ላይ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። ካርዱ እያለ ድራይቨሩ (ካርዱን የሚያዘው ፕሮግራም) ሊያስነሳው አቅቶትም ይሆናል። ወይ ደግሞ ሁለቱም ደህና ሆነው ሬዲዮው ተቆልፏል። ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ሥራውን በትክክል ጨርሶ፣ ግንኙነቱን የሚያስተዳድረው ፕሮግራም ኔትወርክ ማኔጀር ብቻ ማሽኑ መንቃቱን ሳይሰማ የሚቀርበትም ጊዜ አለ። ኔትወርክ ማኔጀርን ሪስታርት ማድረግ የሚረዳው ለዚህ ለመጨረሻው ነው። አንተ ጋ ያልሠራው ችግሩ ከሱ በታች ስለሆነ ይመስለኛል።

ስለዚህ ዋይፋዩ እንደጠፋ ተርሚናል ክፈትና እነዚህን አሂድልኝ። «ኤልኤስፒሲአይ -ኤንኤንኬ» ካርዱን፣ መለያ ቁጥሩንና የያዘውን ድራይቨር ያሳይሃል። «አርኤፍኪል ሊስት» ሬዲዮው ተቆልፎ እንደሆነ ይነግርሃል፤ «ሶፍት ብሎክድ» የሚለው «የስ» ካለ በትእዛዝ ይከፈታል፣ «ሃርድ ብሎክድ» ከሆነ ግን የኪቦርድ ቁልፍ ወይም የጎን ማብሪያ ማጥፊያ ነው የምትፈልገው። «ኤንኤምሲኤልአይ ዲቫይስ» ኔትወርክ ማኔጀር ምን እያየ እንደሆነ ያወጣልሃል። በመጨረሻም «ሱዶ ዲሜስግ» ብለህ፣ ማሽኑ ከነቃበት ጀምሮ ያለውን የከርነሉን መልእክት ሙሉውን ለጥፍ። ቀይ የሆነውን መስመር ብቻ ቆርጠህ አታምጣ። ዋናው ፍንጭ ብዙ ጊዜ ከስህተቱ ከፍ ብሎ ነው የሚገኘው።

አንድ ነገር ደግሞ እይልኝ። ብሉቱዙ ይሠራል? አብዛኞቹ የላፕቶፕ ካርዶች ሁለቱንም አንድ ላይ ይዘዋል። ዋይፋዩ በፒሲአይ ነው የሚገናኘው፣ ብሉቱዙ ደግሞ በዩኤስቢ። ብሉቱዙ ደህና ሆኖ ዋይፋዩ ብቻ ከሞተ የምንፈልግበት ቦታ በጣም ይጠባል።

ፈጣን_መልስ፦

እኔም ይሄ ነበረብኝ። የግራብ (የማስነሻው ፕሮግራም) ፋይል ውስጥ «ፒሲአይኢ_ኤኤስፒኤም=ኦፍ» ጨምረህ «አፕዴት-ግራብ» አድርግ። አለቀ።

ከርነል_አንባቢ፦

@ፈጣን_መልስ ላንተ ከሠራ ጥሩ ነው፤ ለእሱ ግን ገና ምን እንደሆነ ሳናውቅ ባንመክረው ደስ ይለኛል። ምክንያቴ ሁለት ነው።

አንደኛ፣ ይሄ መቼት የሚመለከተው ዋይፋዩን ብቻ አይደለም። የማሽኑን የፒሲአይ መስመሮች በሙሉ ነው፣ ኤስኤስዲውንም ጨምሮ። በባትሪ ለሚሠራ ሰው ጉዳት አለው።

ሁለተኛው ብዙ ሰው ልብ አይለውም። «ኦፍ» ማለት ኤኤስፒኤምን (የፒሲአይ መስመሮችን ኃይል ቁጠባ) ያጠፋል ብለን እንገምታለን። በከርነሉ ሰነድ ላይ የተጻፈው ግን ሌላ ነው፦ ከርነሉ የኤኤስፒኤምን መቼት ጭራሽ እንዳይነካ፣ ፈርምዌሩ (ማሽኑ ላይ የተጫነው ባዮስ) ያስቀመጠውን እንዳለ እንዲተወው ነው የሚያዘው። ባዮሱ አብርቶት ከነበረ እንደበራ ይቀራል። የምር ማጥፋት የሚፈልግ ሰው «ፒሲአይኢ_ኤኤስፒኤም.ፖሊሲ=ፐርፎርማንስ» ነው የሚጠቀመው። ለአንድ ካርድ ከሆነ ደግሞ የድራይቨሩ የራሱ መቼት ይሻላል።

ለጽጌ ጥያቄዎች መልሱን እንጠብቅ። ከነሱ ጋር «ካት /ሲስ/ፓወር/ሜም_ስሊፕ» የሚሰጥህንም (የእንቅልፉን ዓይነት) ጨምር።

ሌሊት_ሠራተኛ፦

አመሰግናለሁ፣ እንዳላችሁኝ አደረግኩ። ዛሬ ጠዋት ስከፍተው እንደተለመደው ጠፍቶ ነበር።

ብሉቱዙ ይሠራል፤ ማዳመጫዬ ወዲያው ተገናኘ። አርኤፍኪል ሁሉንም «ኖ» ነው የሚለው፣ የተቆለፈ የለም። ኤንኤምሲኤልአይ ዋይፋዩን ያየዋል፣ አጠገቡ ግን «አንአቬይለብል» ብሎ ጽፎበታል። ሜም_ስሊፕ የሚለው ፋይል ውስጥ ያለው «ኤስ2አይድል» ብቻ ነው።

ኤልኤስፒሲአይ ካርዱን በ02:00.0 ላይ ያሳየዋል። ሪልቴክ አርቲኤል8822ሲኢ ነው፣ ድራይቨሩ አርቲደብሊው88_8822ሲኢ። ከስሙ መጨረሻ ላይ «ሬቭ ኤፍኤፍ» የሚል አለ። ሪስታርት አድርጌ ሳየው እሱ ቦታ ላይ ሌላ ቁጥር ነው ያለው፤ ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም።

ዲሜስግ ላይ ከነቃ በኋላ ያለው ይሄ ነው፦

«0000:02:00.0፦ አንኤብል ቱ ቼንጅ ፓወር ስቴት ፍሮም ዲ3ኮልድ ቱ ዲ0፣ ዲቫይስ ኢንአክሰሲብል»

ከዚያ ቀጥሎ «ማክ ፓወር ኦን ፌይልድ» እና «ፌይልድ ቱ ፓወር ኦን ማክ» የሚሉት እየተደጋገሙ ይመጣሉ።

ከርነል_አንባቢ፦

በጣም ጥሩ አድርገህ ነው ያመጣኸው። መልሱ እዚሁ ውስጥ አለ።

ከዚያ «ሬቭ ኤፍኤፍ» ከሚለው እንጀምር። ያ የካርዱ እውነተኛ ቁጥር አይደለም። ከርነሉ ካርዱን ጠይቆ የሚመልስ ሲያጣ፣ የሚያነበው ነገር ሁሉም ቢት 1 ሆኖ ይመጣል። በአስራ ስድስት ቤት ሲጻፍ ኤፍኤፍ ይሆናል። ስሙ ዝርዝሩ ላይ የሚታየው ከርነሉ ማሽኑ ሲነሳ የመዘገበውን ስለያዘ ነው። መስመሩ ጫፍ ላይ አሁን የሚናገር የለም።

ዲሜስግ ያወጣው የመጀመሪያ መስመር ይህንኑ ያረጋግጣል። የፒሲአይ ዕቃ ሙሉ በሙሉ ሲሠራ ዲ0 ላይ ነው ይባላል። ዲ3ሆት ላይ ሲሆን ተኝቷል፣ ግን ኃይል አልተቋረጠበትም፣ ሲጠሩት ይሰማል። ዲ3ኮልድ ላይ ኃይሉ ራሱ ተቋርጧል። ያንተ ካርድ ዲ3ኮልድ ገብቶ ከዚያ አልወጣም። «ማክ ፓወር ኦን ፌይልድ» የሚሉት የዚህ ውጤት ናቸው። ድራይቨሩ መልስ የማይሰጥ ካርድ ለማስነሳት ደጋግሞ እየሞከረ ነው። ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጉግል የሚያደርገው እነሱን ነው፤ ለዚህም ነው መፍትሔ ሳያገኝ የሚንከራተተው።

ላፕቶፑ ያለው የእንቅልፍ ዓይነት ኤስ2አይድል መሆኑም ይገጥማል። በድሮው ኤስ3 እንቅልፍ አብዛኛውን የማብራትና የማጥፋት ሥራ ፈርምዌሩ ራሱ ይይዘዋል። በኤስ2አይድል ግን ማሽኑ እንደነቃ ሆኖ ነው የሚያርፈው፣ እያንዳንዱን ዕቃ አንድ በአንድ የሚያስተኛውና የሚቀሰቅሰው ከርነሉ ነው። አንዱ ካርድ ወይም የባዮሱ ሰንጠረዥ ትንሽ ከተሳሳተ እንዲህ ይሆናል።

በሚቀጥለው ጊዜ ሲጠፋ ሪስታርት ሳታደርግ ይሄን ሞክር። የድራይቨሩን ሞጁል በ«ሱዶ ሞድፕሮብ -አር» አውርደው። ከዚያ እንደ ሩት (ሙሉ ፈቃድ ያለው ተጠቃሚ) ሆነህ /ሲስ/ባስ/ፒሲአይ/ዲቫይስስ/0000:02:00.0 ውስጥ ያለው «ሪሙቭ» የሚባል ፋይል ላይ 1 ጻፍ። ቀጥለህ /ሲስ/ባስ/ፒሲአይ/ሪስካን ላይ 1 ጻፍ። ካርዱ ተመልሶ ከመጣ በዚያው ሥራህን ትቀጥላለህ። ካልመጣም ነግሮሃል፤ ኃይሉ የምር አልተመለሰለትም ማለት ነው።

ዘላቂውን በተመለከተ እኔ መጀመሪያ የምነካው «ዲ3ኮልድ_አላውድ» የሚባለውን ፋይል ነው። እዚያው የካርዱ አድራሻ ሥር ታገኘዋለህ። 0 ስትጽፍበት ከርነሉ ካርዱን ከዲ3ሆት በታች እንዳያወርደው ትከለክለዋለህ። የሚነካው አንድ ካርድ ብቻ ነው። ካልተስማማህ 1 ብለህ ትመልሰዋለህ። ሪስታርት ስታደርግም ወደነበረበት ይመለሳል፣ ስለዚህ ለሙከራ የሚያስፈራ ነገር የለውም።

ጽጌ_ተርሚናል፦

ከርነል_አንባቢ በደንብ አስረድቶታል። ከዚያ ጎን ለጎን ባዮሱን «ኤፍደብሊውዩፒዲኤምጂአር» ተጠቅመህ አዲስ ስሪት እንዳለው እይ፤ ሁሉም አምራች እዚያ ላይ አያወጣም፣ ካላገኘኸው አምራቹ ገጽ ላይ ፈልግ። የ«ሊኑክስ-ፈርምዌር» ጥቅልም ወቅታዊ ይሁን። ሁለቱን በአንድ ቀን ግን አትቀይር። የትኛው እንደፈታው ሳታውቅ ትቀራለህ።

እስከዚያው ሥራ እንዳይቆምብህ ስልክህን በዩኤስቢ ሰክተህ ኢንተርኔቱን አጋራ። ሊኑክስ እንደ ገመድ ኔትወርክ ወዲያው ያየዋል፣ ምንም መጫን አይጠይቅህም።

ገመድ_አልባዋ፦

ክሩ ላይ ገብቼ ልጠይቅ። የኔም ከእንቅልፍ በኋላ ነው የሚጠፋው፣ ግን ካርዴ ኢንቴል ነው። ኤልኤስፒሲአይ ላይ ደህና ነው፣ ኤፍኤፍ የሚባል የለም። ዲሜስግም ንጹህ ነው። ግን ኔትወርክ የሚባል ነገር የለም፣ የገመዱም ጭምር አይሠራም።

ጽጌ_ተርሚናል፦

@ገመድ_አልባዋ እህቴ፣ የገመዱም አብሮ ከሞተ ችግሩ ካርዱ ላይ አይደለም። «ኤንኤምሲኤልአይ ጄነራል» በይና «ስቴት» የሚለውን እዪ። «አስሊፕ» ካለ ኔትወርክ ማኔጀር ማሽኑ አሁንም የተኛ ይመስለዋል፣ ወይም ኔትወርኪንግ ኦፍ ተደርጓል። «ኤንኤምሲኤልአይ ኔትወርኪንግ ኦን» በዪው።

ገመድ_አልባዋ፦

ወዲያው መጣ! «አስሊፕ» ነበር የሚለው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግን ተመልሶ እንዳይመጣ ምን ላድርግ?

ከርነል_አንባቢ፦

@ገመድ_አልባዋ ኔትወርክ ማኔጀር መተኛቱንና መንቃቱን የሚሰማው አገልግሎቶችን ከሚያስተዳድረው የሲስተምዲ አካል ከሎጊንዲ ነው። ያ መልእክት በመሃል ከጠፋ እንዲህ ይቀራል። በእጅ የተጻፈ የእንቅልፍ ስክሪፕት ወይም የድሮ የኃይል ማስተዳደሪያ ፕሮግራም ማሽንሽ ላይ ካለ ከእሱ ጀምሪ። /ዩኤስአር/ሊብ/ሲስተምዲ/ሲስተም-ስሊፕ የሚለውን ማህደር ክፈቺና ያላወቅሽው ፋይል ካለ ንገሪን።

ለሁላችሁም የሚጠቅም አንድ መለያ ዘዴ አለ። «ሱዶ አርቲሲዌክ -ኤም ሜም -ኤስ 60» ማሽኑን አስተኝቶ ከ60 ሰከንድ በኋላ በራሱ ሰዓት ይቀሰቅሰዋል። ይህ ትእዛዝ በቀጥታ ከርነሉን ነው የሚያዘው። ሲስተምዲም፣ ስክሪፕቶቹም፣ ኔትወርክ ማኔጀርም መተኛቱን አይሰሙም። በሌላ በኩል «ሲስተምሲቲኤል ሰስፔንድ» ሁሉንም ያሳልፋል። በአርቲሲዌክ ሲተኛም ዋይፋይ ከጠፋ ጥፋቱ የከርነል ወይም የድራይቨር ነው። በሲስተምዲ ሲተኛ ብቻ የሚጠፋ ከሆነ ግን ድራይቨሩን ተዉትና ሲስተምዲን፣ ስክሪፕቶቹንና ኔትወርክ ማኔጀርን ፈትሹ። ክዳን እየዘጉ እየከፈቱ ከመገመት ይሄ በጣም ይሻላል። እንደ ሌሊት_ሠራተኛ ከረጅም እንቅልፍ በኋላ ብቻ ለሚጠፋበት ሰው ሰከንዱን ወደ ሰዓታት ማስረዘም ነው።

ገመድ_አልባዋ፦

ከማህደሩ ውስጥ እኔ ያልጻፍኩት አንድ ስክሪፕት አለ። ከመተኛቱ በፊት ኔትወርኪንግን ኦፍ ያደርጋል፣ ሲነቃ ግን መልሶ ኦን የሚያደርግ መስመር የለውም። ሌላ ቦታ አኑሬው ደጋግሜ አስተኛሁት፤ ሁሌም ይመለሳል።

ፈጣን_መልስ፦

እኔ ጋ የተገላቢጦሽ ነው። ኤስ2አይድል ባትሪ ይበላብኛል፣ ወደ «ዲፕ» (ኤስ3) ልቀይረው እፈልጋለሁ። ለሌሊት_ሠራተኛም ይሄ አይሻለውም?

ከርነል_አንባቢ፦

ያንተ ሜም_ስሊፕ ፋይል ውስጥ «ዲፕ» የሚል ካለ ትችላለህ። ከርነል መቼት ላይ «ሜም_ስሊፕ_ዲፎልት=ዲፕ» ትጨምራለህ። የእሱ ማሽን ግን ያሳየው ኤስ2አይድልን ብቻ ነው። ፈርምዌሩ ኤስ3ን ካላቀረበ ከርነሉ ከየት ያመጣዋል? አንዳንድ የቲንክፓድ ሞዴሎች ባዮስ ውስጥ የእንቅልፍ ዓይነት «ሊኑክስ» ወይም «ዊንዶውስ» ብሎ የሚያስመርጥ ቦታ አላቸው። እንደዚያ ዓይነት ምርጫ ከሌለ በግድ ለማስገባት መሞከሩን አልመክርም።

ሌሊት_ሠራተኛ፦

ውጤቴን ይዤ መጣሁ።

መጀመሪያ ሪሙቭና ሪስካኑን ሞከርኩት። ካርዱ ከዝርዝሩ ወጣ፣ ሪስካን ሳደርግ ግን አልተመለሰም። ስለዚህ ሪስታርት አድርጌ ዲ3ኮልድ_አላውድ ላይ 0 ጻፍኩና ክዳኑን ዘግቼ ተኛሁ። ጠዋት ስከፍተው የይለፍ ቃሌን ጽፌ ሳልጨርስ ዋይፋዩ ተገናኝቶ ነበር! ኤልኤስፒሲአይ ላይም ኤፍኤፍ የለም። ከዚያ ወዲህ አንዴም አልጠፋም። በጣም ነው ያስደሰታችሁኝ።

ባትሪው በእንቅልፍ ላይ ትንሽ የበለጠ ይቀንስ ይሆናል፣ ጎልቶ ግን አልታየኝም። አሁን የሚቀረኝ ሪስታርት ሳደርግ እንዳይጠፋ ማድረጉ ነው።

ጽጌ_ተርሚናል፦

እንኳን ደስ ያለህ! ለዚያ የሚሆነው የዩዴቭ (ዕቃዎች ሲገኙ መቼት የሚሰጣቸው ፕሮግራም) ደንብ ነው። /ኢቲሲ/ዩዴቭ/ሩልስ.ዲ ሥር መጨረሻው «.ሩልስ» የሆነ ፋይል ፍጠር። በአንድ መስመር ውስጥ እነዚህን ታስገባለህ፦ አክሽን «አድ»፣ ሰብሲስተም «ፒሲአይ»፣ ቬንደር 0ኤክስ10ኢሲ፣ ዲቫይስ 0ኤክስሲ822፣ በመጨረሻም ዲ3ኮልድ_አላውድ የሚለው አትሪቢዩት 0 እንዲሆን። የማነጻጸሪያዎቹ እኩል ምልክት ድርብ ነው፣ የመጨረሻው ግን ዋጋ ስለሚሰጥ ነጠላ ነው። እዚህች ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ ዩዴቭም በዝምታ ያልፈዋል።

10ኢሲ የሪልቴክ መለያ ነው፣ ሲ822 ደግሞ ያንተ ካርድ። ሌላ ካርድ ያላችሁ ቁጥሩን ከኤልኤስፒሲአይ -ኤንኤንኬ ውጤት ላይ ከቅንፍ ውስጥ ውሰዱ። በ02:00.0 አድራሻው ብትጽፈውም ይሠራል፣ ግን አዲስ ኤስኤስዲ ስትገጥም አድራሻው ሊቀያየር ይችላል። መለያው አይቀየርም።

ሪስታርት ካደረግክ በኋላ ዲ3ኮልድ_አላውድን በ«ካት» አንብበው። 0 ካለ ደንቡ ሠርቷል።

ማታ_ማታ፦

ይቅርታ፣ እኔም ያው 8822ሲኢ አለኝ። ዲ3ኮልዱን 0 ባደርገውም አልፈታልኝም። ዲሜስግ ላይ የሚታየኝ «ፈርምዌር ፌይልድ ቱ ሊቭ ኤልፒኤስ ስቴት» የሚል ነው፣ «ኢንአክሰሲብል» የሚል የለም። ሞጁሉን ሲተኛ የሚያወርድ፣ ሲነቃ የሚጭን ስክሪፕት ጽፌ ሲስተም-ስሊፕ ውስጥ አስቀመጥኩ። የሚሠራ አይመስልም።

ከርነል_አንባቢ፦

ያንተ ሌላ ብልሽት ነው። ካርዱ ይናገራል፣ በውስጡ ያለው ፈርምዌር ግን ከኃይል ቁጠባ መውጣት አቅቶታል። /ኢቲሲ/ሞድፕሮብ.ዲ ሥር ፋይል ክፈትና ለ«አርቲደብሊው88_ኮር» ሞጁል «ዲሴብል_ኤልፒኤስ_ዲፕ=ዋይ»፣ ለ«አርቲደብሊው88_ፒሲአይ» ደግሞ «ዲሴብል_ኤኤስፒኤም=ዋይ» ብለህ ስጥ። ከዚያ ሪስታርት። ድራይቨሩን ከከርነሉ ሳይሆን ከውጭ አምጥተህ የጫንከው ከሆነ የሞጁሎቹ ስም ሊለይ ስለሚችል በ«ኤልኤስሞድ» አረጋግጥ። ስሙ ካልገጠመ መቼቱ ሳይነበብ ይታለፋል።

ስክሪፕቱን በተመለከተ ሁለት ነገር እይ። ፋይሉ እንደ ፕሮግራም የመሥራት ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፣ «ቸሞድ +ኤክስ»። ሲስተምዲ ፈቃድ የሌለውን ምንም ሳይል ይዘለዋል። በተረፈ ስክሪፕቱ ሲጠራ የመጀመሪያው ቃል «ፕሪ» ወይም «ፖስት» ሆኖ ነው የሚደርሰው፣ ሁለተኛው «ሰስፔንድ» ወይም «ሃይበርኔት»። መፈተሽ ያለብህ የመጀመሪያውን ነው።

ስክሪፕቱን ግን የመጨረሻ ምርጫ አድርገው። የሲስተምዲ ሰነድ ራሱ እነዚህን ለግል ማሽን ብቻ የታሰቡ ጊዜያዊ መላዎች ይላቸዋል። ማህደሩ ውስጥ ያሉት ሁሉ በአንድ ጊዜ ጎን ለጎን ነው የሚነሱት፣ ተራ የላቸውም። አንዱ ከተንጠለጠለም ማሽኑ ሳይተኛ ይጠብቀዋል። በሞጁል መቼት ከተፈታ እሱ ይበቃሃል።

ማታ_ማታ፦

ሁለቱን መቼቶች አስገባሁ፣ ስክሪፕቱን አወጣሁት። ከትናንት ጀምሮ ደህና ነው። ሌላው ቀርቶ በመሃል በመሃል ይቆራረጥ የነበረው ነገር ራሱ ቀረ። ከልብ አመሰግናለሁ።

ሌሊት_ሠራተኛ፦

የዩዴቭ ደንቡም ሠራ፣ ከሪስታርት በኋላ 0 ነው የሚለው። ይህን ለከርነል ሰዎች ሪፖርት ማድረግ ይጠቅማል? ሌላው ሰው እንዳይቸገር ብዬ ነው።

ከርነል_አንባቢ፦

በጣም ይጠቅማል። መጀመሪያ ለኡቡንቱ፣ በ«ኡቡንቱ-በግ ሊኑክስ» ላክ፤ አስፈላጊዎቹን ሎጎች ራሱ ይሰበስብልሃል። የላፕቶፑን ሞዴል፣ የባዮሱን ስሪት፣ የከርነሉን ቁጥር፣ የካርዱን መለያ ጻፍ። ደንቡን ለጊዜው አንስተህ ካርዱ እንደጠፋ ያለውን ሙሉ ዲሜስግ አያይዝ። ዲ3ኮልድን መከልከል እንደሚፈታው በግልጽ አስቀምጥ፣ ለአልሚዎቹ ትልቁ ፍንጭ እሱ ነው። ብዙ ሞዴሎች ከርነል ውስጥ የተለየ ማስተካከያ የሚገባላቸው በእንዲህ ዓይነት ሪፖርት ነው።

ሪፖርቱን ስትልክ ሊንኩን እዚህ አስቀምጥልን። ያው ሞዴል ያለው ሰው ካለ የራሱን ሎግ ይጨምርበታል።